ሞራ የበላው ሞተር

ይቅርታን አብዝተው የሚያወድሱ ሰዎችን ልብ ብዬ ተመልክቻለሁ፤ አብዛኞቹ በዳዮች ናቸው። የተበደለ ሰው ስለ ይቅርታ ለመስበክ ጊዜ የለውም፤ የፈረሰበትን ሲጠግን ይውላል። እኔ በበኩሌ ቂምን እንደ ጥሩ ልማድ እቆጥረዋለሁ። ትዝታን ይስላል፣ ሰውን በማለዳ ከአልጋው ያስነሣል፣ ከብዙ መድኃኒትም ይሻላል። ባለፈው ሁዳዴ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ላይ አንድ ሰው እህቴን ከእንጀራዋ ሊነቅላት ተነሣ። ያን ጾም ከሥጋውም ከወተቱም በደንብ ጾሜያለሁ። ከበቀሉ ግን አልጾምሁም።

እህቴ ታላቄ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው ከገበያው በላይ ዳገቱ ላይ በቆመ የናፍጣ ወፍጮ ነው። ከወፍጮ ቤቱ በታች የሰፈሩ ሴቶች ውሃ የሚቀዱበት ምንጭ አለ። ሞተር ደግሞ በየጊዜው ዘይቱ ይለወጣል፤ የተቃጠለው ጥቁር ዘይት በአገራችን ያለው መሄጃ አንድ ብቻ ነው፤ ከበሩ ውጭ። ባሏ ሲደፋው ኖረ፣ እሷም ስትደፋው ኖረች፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ያንን ይዞ ወደ ምንጩ ይወርዳል። አምና ክረምቱ ሲወጣ ውሃው ላይ እንደ ርግብ አንገት የሚያብለጨልጭ ነገር ታየ።

ቀድሞ ቀበሌ ሄዶ የከሰሳት ከገበያው በታች፣ ሜዳው ላይ፣ ሌላ ወፍጮ ያለው ሰው ነበር። የታችኛው ባለወፍጮ እለዋለሁ። ስሙን የማልጽፈው አዝኜለት እንዳይመስላችሁ፤ ስሙ በጽሑፍ ተርፎ እንዲቀር ስለማልፈልግ ነው። የእሱም ሞተር ዘይት ይለወጣል፤ የእሱ ግን የሚወርደው ወደ ገደሉ ነው፤ ገደል ደግሞ ቀበሌ ሄዶ አይከስስም።

ቀበሌው ወይ ዘይት መድፋቷን እንድታቆም ወይ ወፍጮውን እንድትነቅል ወሰነባት። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ በዚህ አልከራከርም። ትክክለኛ ነገር ከክፉ ሰው አፍ ሲወጣ መስማት ግን የራሱ የሆነ ሕመም አለው።

እኔ ያን ጊዜ ባሕር ዳር ነበርሁ። ብዙ ዘመን አስተምሬያለሁ፤ አሁን እያነበብሁና እየጻፍሁ ሰው አስቀይማለሁ። ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከቄራ የሚጣለውን ስብና ሞራ እየሰበሰበ፣ እያነጠረና እያጣራ፣ ሌላም እኔ የማይገባኝን ነገር እያደረገ የሞተር ዘይት መሥራት ጀምሮ ነበር። ዘይቱ መሬት ላይ ቢፈስ እንደ ማንኛውም ቅባት አፈር ያበሰብሰዋል፤ ለዘመናት እንደ ሬንጅ ተጣብቆ አይቀርም። የእህቴን ዓይነት ሞተር ላይ ሞክረውታል፤ ሠርቷል። በጀሪካን አስሞላሁና በደብረ ታቦር በኩል፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ አርብ ገበያ ገባሁ። የምንጩም ነገር፣ የቀበሌውም ነገር፣ የእህቴም ነገር በአንድ ጊዜ ተፈታ ብዬ ነበር።

ዘይቱን ዝም ብዬ ብጨምረው ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። ነገር ግን አስተማሪ የነበረ ሰው ዝም ብሎ መልካም መሥራት አይችልም፤ ማስረዳት አለበት። ቅበላው ሊያልቅ ሲል በዋለው አርብ፣ ወፍጮ ቤቱ በሽሮ ክክና በበርበሬ አስፈጪ ተጨናንቆ ሳለ፣ ጀሪካኑን ከፍ አድርጌ ማስረዳት ጀመርሁ።

“ከምንድን ነው የሚሠራው ያሉት መምህር?” አለኝ ገብስ ይዞ የመጣ አንድ ገበሬ።

“ከከብት ስብ።”

“ሞተሩ ስብ ይበላል?”

“እንደዚያ በለው።”

“ቅበላው እስኪያልፍ ነው ወይስ በጾሙም?”

ሣቅሁ። ሰውየው ግን የጠየቀኝ ከልቡ ነበር፤ መልሱን እየጠበቀ ዓይኔን ያየኛል።

“ወይ ጉድ!” አለች ከኋላው ያለች ሴት። “እኔ ቤት ከገና ወዲህ ሞራ አልታየም፤ የእትዬ ሞተር ጮማ ያማርጣል!”

ወፍጮ ቤቱ በሣቅ ተናጋ። ከደጅ የቆመ ባጃጅ ነጂ አፍንጫውን አሾለ፤ “መምህር፣ ጭሱ እኮ ጥብስ ጥብስ ይላል። አዋዜ ብቻ ነው የጎደለው።” ሞተሩ ውስጥ ገና ጠብታ አልገባም ነበር።

ሞባይል የሚጠግን ወጣት ደግሞ ስልኩን እያሻሸ መጣ። “ይሄ ነገር ፌስቡክ ላይ አለ ጋሼ። ከአሳማ ነው የሚሠሩት።”

“እሱ የውጭ አገሩ ይሆናል። ይህ የባሕር ዳር ነው።”

“ያው ነው ጋሼ፤ ቴክኖሎጂው አንድ ነው።”

ዘይቱን በዚያው ዕለት ማታ ሞተሩ ውስጥ ጨመርነው። እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነበር፤ የአርብ ገበያ ሰው ቀልድ ያውቃል። ቀልዱን ወደ መርዝ የለወጠው የታችኛው ባለወፍጮ ነው። ጾሙ የገባ ሰሞን ከቅዳሴ የሚወጣውን ሰው በር ላይ ጠብቆ፣ ጋቢውን አስተካክሎ፣ አንድ ነገር ተናገረ አሉ። “እኔ አልፈርድም፤ ግን የጾም ሽሮ በሞራ ወፍጮ አስፈጭቶ መብላት ጾም ነው ወይ? ነፍሱን የሚወድ ይወቅ።”

“እኔ አልፈርድም” ብሎ የጀመረ ሰው ፍርዱን ጨርሶ፣ ማኅተም መትቶ ነው የመጣው። እሑድ የተናገረው ሰኞ ምንጩ ጋ ደረሰ፤ ማክሰኞ ደግሞ አድጎ ተመለሰ። ስቡ ሞተሩ ውስጥ መሆኑ ቀረና የወፍጮው ድንጋይ ላይ ይቀባል ተባለ። ቀጥሎ ጥያቄው ከብቱን ማን አረደው ወደሚለው ዞረ፤ ቄራ እንደሆነ የሁሉም ነው። የሙስሊም እርድ ቢሆንስ? ብለው ክርስቲያኖቹ ተጨነቁ። ይህን ሰምቼ ስናደድ አንድ የማውቀው ሙስሊም የእህል ነጋዴ ትከሻዬን ይዞ አጽናናኝ፤ “እኛም እኮ ጨንቆናል መምህር። እናንተ ያረዳችሁት ቢሆንስ?” በአርብ ገበያ ሁለቱ ሃይማኖቶች ያለ ሽማግሌ የተስማሙበት ነገር ቢኖር እህቴ ዘንድ አለማስፈጨት ነበር።

ወፍጮ የሚኖረው በጾም ነው። ሽሮው፣ በርበሬው፣ በሶው የሚፈጨው ያን ጊዜ ነው፤ እህቴ ክረምቱን የምትሻገረው በሁዳዴ ነው። ጾሙ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ወፍጮ ቤቱ ወና ሆነ። የሞተሯ ሠራተኛ እንኳ አንድ ቀን ታምሜያለሁ ብሎ ቀረና በሚቀጥለው ቀን ታችኛው ወፍጮ ቤት ዱቄት ሲያራግፍ ታየ። እህቴ ደጃፏ ላይ ትቀመጣለች። ዱቄት ሳይነካት ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሽፋሽፍቷ ጥቁር መሆኑን ረስቼው ኖሯል።

“ወደ ድሮው ዘይት ብትመለሺስ እታለም?” አልኋት።

“ቀበሌው ይነቅለኛል። ደግሞስ ምን ይጠቅማል? አንዴ የበላ ሆድ ነው ይሉታል።”

ከዚያ የታችኛው ባለወፍጮ መልእክተኛ ላከባት። ከተቸገረች ሞተሩን ከነማዞሪያ ቺንጋው፣ ከነድንጋዩ ሊገዛት ፈቃደኛ ነው። ያ በሞራ ረክሷል ያለውን ሞተር! ጾሙ እንዲህ ካለፈ የምትሸጥለት ከእሱ በቀር ሌላ ሰው እንደማይኖር እሷም እኔም እናውቅ ነበር። መልእክተኛውን ውሃ አጠጥታ ሸኘችው። እኔ ውሃውንም አልሰጠውም ነበር።

መጀመሪያ የሞከርሁት ክርክር ነው፤ የተማረ ሰው ደካማ መሣሪያ። ገበያ መሀል ቆሜ፣ ከበሮው የከብት ቆዳ አይደለም ወይ አልሁ። ዳዊታችሁ የተጻፈበት ብራና የፍየል ቆዳ አይደለም ወይ? ሞፈርና ቀንበር የምታስሩበትን የቆዳ ጠፍር፣ ምራኑን፣ በምንድን ነው የምታለሰልሱት? ሽንብራውን ወፍጮ ቤት ያደረሰው ስልቻስ ከምን ተሠራ? ሰዎቹ በትሕትና ሰሙኝ። የጥንት ሮማውያን የሠረገላቸውን ዘንግ በስብ ይቀቡ እንደነበር ስጨምር ግን አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ።

“ሮማውያን ማለት ጌታን የሰቀሉት አይደሉም እንዴ መምህር?”

ናቸው አልሁ። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ። በሕንድ አገር ጥይት መጠቅለያ ላይ የተቀባ ስብ የላምና የአሳማ ነው ተብሎ ሠራዊት እስከ ማመፅ መድረሱን አንብቤ ነበር። ያነበብሁት ነገር እንዴት እንደሚጀመር ብቻ ነው የነገረኝ፤ እንዴት እንደሚያበቃ አልነገረኝም።

ቀጥሎ የእህቴ ንስሐ አባት ዘንድ ሄድሁ። እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ተምረው ያረጁ፣ ዝም ሲሉ እንኳ ሊቅነታቸው የሚታይ ሰው ናቸው።

“አባ፣ ይህ ነገር ጾም ይሽራል?”

“ምኑን ይሽራል ልጄ? ሞተር ጾም የለበትም።”

“እንግዲያው ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ይንገሩልኝ።”

“እሱን አልችልም።”

“ለምን?”

“እኔ ንጹሕ ነው ስል ግማሹ ‘አባም ቀምሰውታል’ ይላል። የጾመን ሰው ከጾሙ ማሰናከል ከሞራው ይከፋል።”

እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ይህን ያህል የተማረ ፍርሃት አይቼ አላውቅም። ትክክል መሆናቸው ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

በቀሉን በእጄ ላይ ያስቀመጡልኝ አንዲት እማሆይ ናቸው። ቤታቸው ከእህቴ ወፍጮ ጎን ነው፤ ነገር ግን ሽንብራቸውን ተሸክመው ቁልቁል ወደ ታችኛው ወፍጮ ይወርዳሉ። ሲመለሱ ዳገቱ ያደክማቸውና እህቴ ደጃፍ ላይ ያርፋሉ። በተቀናቃኛችን ወፍጮ የተፈጨ ሽሮ ይዘው በእኛ ጥላ ማረፋቸውን ማንም፣ እሳቸውም ጭምር፣ እንደ ነውር አልቆጠረውም።

“ሰልፍ አይባል እኮ ነው” አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። “ሕዝቡ ሁሉ እዚያ ነው። ያን ሞተር የመረቁለት ሰውዬ እውነታቸውን ነበር።”

“ምን ብለው ነበር እማሆይ?”

“‘ይህ ሞተር ገበያውን ሁሉ ጠቅልሎ ይበላል’ አሉዋ! በጉ ታርዶ፣ ሞራው ተዘርግቶ፣ ብርሃን ላይ ይዘው ሲያነቡት። እኔ ያን ጊዜ አልመነኮስሁም፤ ጥብሱን በልቻለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጥሩ በግ ነበር።”

እኔም በልቼ ነበር። ለዓመት በዓል መጥቼ ስለነበር እዚያው ነበርሁ። የታችኛው ባለወፍጮ አዲስ ሞተር ሲያስተክል በግ አርዶ ከተማውን ጠራ። ሞራ የሚያነቡት ሰው የበጉን ሞራ አይተው፣ ገበያውን ሁሉ ይበላል ብለው ሲጨርሱ፣ ለበረከት ተብሎ ያ ሞራ ምን እንደተደረገ በዓይነ ኅሊናዬ መጣልኝ። ሞተሩ አንገት ላይ ነበር የተጠመጠመው። ሞተሩ ሲነሣና ሲሞቅ እየቀለጠ ሲወርድበት ሁላችንም እያጨበጨብን አይተናል። ከዚያ ወዲህ ስንት ሁዳዴ አለፈ፤ ያ ወፍጮ የስንቱን ጾመኛ ሽሮ ፈጨ። ማንም አላስታወሰውም። ያኔ ነውር አልነበረምና።

ለእህቴ አልነገርኋትም። ጥቂት ቀናት እንደ ጠላ ጥንስስ ከድኜ ተውሁት። በነዚያ ቀናት የታችኛውን ባለወፍጮ ገበያ ላይ ባገኘሁት ቁጥር በትሕትና ሰላም እለው ነበር፤ እንዴት ዋሉ፣ እንዴት ሰነበቱ፣ ሞተሩስ ደኅና ነው? ጠላቴን አንቱ ማለት እወዳለሁ፤ አንተ ካልሁት የተቀራረብን ይመስለኛል። ከዚያ ለሽማግሌዎች ነገርሁ። የእህቴ ስም ጠፍቷል፤ ሰውየውና እኛ በሕዝብ ፊት እንነጋገር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቅጽሩ ውጭ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ መሀል ንስሐ አባቷ አሉ፤ መስቀላቸው እጃቸው ላይ ነው። ሕዝቡ ለመታዘብ ዙሪያውን ቆመ። ሰውየው ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ ተዝናንቶ መጣ።

“እኔ ስም አላጠፋሁም” አለ። “ሞተሯ ስብ ይበላል ወይስ አይበላም? ወንድሟ ራሱ ገበያ መሀል ጀሪካን ይዞ ተናግሯል። እኔ የተናገርሁት ለነፍሳችሁ ነው። የኔን ሞተር የእንስሳ ስብ ነክቶት አያውቅም!”

ይህን ዓረፍተ ነገር እንዲናገር ስመኝ ነበር የሰነበትሁት፤ ራሱ ፈቅዶ፣ ሳልጎትተው ሰጠኝ።

“ይማሉ” አልሁት።

“ምን?”

“አባ መስቀላቸውን ይዘዋል። ‘ሞተሬን ስብ ነክቶት አያውቅም’ ብለው ይሳለሙት። ከማሉ እህቴ ወፍጮዋን ትዘጋለች፤ እኔም ባሕር ዳር እገባለሁ።”

እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። በእሷ ወፍጮ መወራረዴን አልነገርኋትም ነበር። ሰውየው ሣቀ፣ እጁን ወደ መስቀሉ ዘረጋ። ከዚያ እጁ መንገድ ላይ ቆመ። ሰው አንድ ነገር ሲያስታውስ ፊቱ ላይ የሚታይ ነገር አለ፤ ብዙ መጽሐፍ ላይ ሲጻፍ አንብቤዋለሁ፤ በዓይን እንደማየት ግን አይሆንም።

“ይሳለሙዋ አያ” አሉ አንድ ሽማግሌ።

“እኔ... መሐላ አልወድም። በጾም ምድር መሐላ...”

ያን ጊዜ እማሆይ ከሕዝቡ መሀል ድምፃቸውን አሰሙ። ክፋት አልነበራቸውም፤ እንዲያው ማወቅ ፈልገው ነው። “አያ፣ የምረቃው ዕለት ከሞተሩ አንገት ላይ ያየሁት ታዲያ ምን ነበር? ነጠላ ነበር?”

መጀመሪያ ሣቅ ሆነ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሰውየው፣ “ያ ሌላ ነው! ያ ለበረከት ነበር!” ብሎ ጮኸ።

“የእህቴ ለምንጩ ነው” አልሁ።

ንስሐ አባቷ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መለሱ። “ሞራ ማስነበብስ?” አሉት በቀስታ። ሰውየው ጋቢውን እስከ አፉ ሳበ። ያቺን ቅጽበት እስካሁን አልፎ አልፎ አውጥቼ አያታለሁ፤ ሌላው ሰው የሠርግ ፎቶውን እንደሚያይ። ተስፋ ካደረግሁት በላይ ነበረች።

ቆይቶ ሣቁ ሞተ። አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ “እንግዲህ እኛ በዚያ ወፍጮ እየበላን ስንት ዓመት ጾምን?” አሉ።

በሚቀጥሉት ቀናት አርብ ገበያ ላይ የወፍጮ ድምፅ ጠፋ። የላይኛው ሞራ ይበላል፤ የታችኛው ሞራ ለብሷል። እኔ ጠዋት ተነሥቼ ያን ዝምታ አዳምጥ ነበር፤ ከታች በኩል የሚመጣው ዝምታ በተለይ ይጥመኛል። ሴቶቹ ግን እህል በአህያ ጭነው ሌላ ከተማ ድረስ መሄድ ጀመሩ፤ አህያ የሌላቸው ደግሞ ከጓዳ የድሮውን የእጅ ወፍጮ አወጡ። አንዷ ምንጩ ጋ ስታገኘኝ እንስራዋን አስቀምጣ አየችኝ።

“ተማማላችሁ? ደግ አደረጋችሁ። እናንተ ወንዶች ስትማማሉ የተቆረጠው የኛ ወገብ ነው።”

እህቴማ ጭራሽ አላናገረችኝም። በመጨረሻ የተቆላ ገብስ አቅርባልኝ ሳለ፣ “ደስ አለህ ወንድም ዓለም?” አለችኝ።

“በጣም።”

“ጎሽ። አንተ የፈለግኸው እሱ እንዲዘጋ ነው። እኔ የፈለግሁት የኔ እንዲከፈት ነበር።”

መልስ ነበረኝ፤ ገብሱ አፌ ውስጥ ስለነበር አለፈኝ። የምሸጥለት ሰው እንኳ አጣሁ ብላ ተነሣች። የእሱም ወፍጮ ከተዘጋ ምን ሊያደርግለት ሞተሯን ይገዛል?

ሽማግሌዎቹ በድጋሚ የተቀመጡት ሴቶቹ ስለጮኹ ነው። እሑድን ሳይጠብቁ፣ አርብ ጠዋት፣ ገበያው ገና ሳይሞላ ከዚያው ወይራ ሥር ተሰበሰቡ። በአገሩ ወግ በዳይ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ተበዳዩ ፊት ይቆማል፤ ተበዳዩ “ይቅር ለእግዚአብሔር” ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። የታችኛው ባለወፍጮም ተሸክሞ መጣ። ድንጋዩን አየሁት። ዳቦ ታክላለች።

“ይህቺ ድንጋይ አይደለችም” አልሁ። “በዚህች ዶሮ አይባረርባትም።”

“መምህር፣ ድንጋይ በሚዛን አይለካም” አሉኝ ሽማግሌው።

“መለካት ነበረበት። ከወይራው ወዲያ ጥሩ ጥሩ ድንጋይ አለ፤ ልምረጥለት?”

“መምህር!”

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ወደ እህቴ ዞረው፣ ስለ እመቤታችን፣ ስለ ጾሙ፣ ይቅር በይው አሏት። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ቃል ይጠብቃል። በልቤ እንቢ በይ፣ እንቢ በይ እያልሁ ነበር።

እህቴ እንቢ አላለችም። እሺም አላለችም። ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች።

“ካሳዬስ?” አለች።

“እትዬ፣ የፈለግሽውን” አለ ሰውየው ከድንጋዩ ሥር።

“እኔ ያን ዘይት እስከጨመርሁ ድረስ አንተም ትጨምራለህ። ከእኔው እየወሰድህ። ዛሬ፣ ገበያው ሳይበተን፣ ሕዝቡ እያየህ።”

ማጉረምረም ተነሣ። ሰውየው ቀና ሊል ሞከረ፤ ድንጋዩ ከለከለው። “እትዬ፣ እሱ እንዴት ይሆናል... ሰው ምን ይለኛል?”

“እኔን ያለኝን ይልሃል።”

“ሁዳዴው ይለቅና...”

“እንግዲያው ተሸክመህ ቆይ። እኔ አልቸኩልም፤ ሥራ የለኝም።”

እውነትም ተቀመጠች። ፀሐዩ መክረር ጀምሯል። ወደ ገበያ የሚያልፈው ሰው ቆም እያለ፣ ምንድን ነው እያለ እየጠየቀ፣ ድንጋይ የተሸከመውን እያየ ያልፋል። ዳቦ የምታክለዋ ድንጋይ ከቆይታ ጋር እንደምትከብድ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ስለ መጠኗ የተከራከርሁት በከንቱ ነበር። ሽማግሌዎቹ ንስሐ አባቷን አዩ። እሳቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ተናገሩ።

“ካሳ ጠይቃለች። ካሳ ደግሞ የሚመርጠው ተበዳይ ነው። ዘይቱ ጾም የሚሽር ቢሆን ኖሮ ዝም አልልም ነበር።”

ሰውየው እሺ አለ። እህቴም ይቅር ለእግዚአብሔር አለች፤ ድንጋዩ ወረደ።

ሕዝቡ ቁልቁል ተከተለን። ሰውየው ታችኛው ወፍጮ ቤት ሲደርስ ጥቁሩን ዘይት ከሞተሩ ቀዳ፤ እንደ ልማዱ ወደ በሩ ሲያመራ እህቴ ባዶ በርሜል ፊቱ አቆመች። ደፋው። ቀጥሎ ከእሷ ጀሪካን እየቀዳ ጨመረ። ጋቢው ላይ ፈሰሰበት። ሞተሩ ተነሣ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን አቅንቶ ጠበቀ፤ የሸተተው የለመድነው የናፍጣ ጭስ ነበር። ባጃጅ ነጂው እንኳ ጥብስ አልሸተተኝም ብሎ አዘነ።

ከዚያ እማሆይ የሽንብራ ስልቻቸውን አነሡ።

“እንግዲህ ሁለቱም ከበሉ ምርጫ የለም” አሉ። “ምርጫ ከሌለ ኃጢአትም የለም። እኔ ወደ ቅርቤ ልሂድ።” ዳገቱን ይዘው ወደ እህቴ ወፍጮ ወጡ። ሌሎች ተከተሏቸው፤ ለታችኛው የሚቀርቡት እዚያው ቀሩ። ስለ እርዱ የጠየቀ የለም፤ አሳማውም በዚያው ተረሳ። ያን ዕለት ከሰዓት እህቴ በር ላይ ብቅ ስትል ሽፋሽፍቷ ነጭ ነበር።

ፋሲካ አለፈ። የታችኛው ባለወፍጮ ዘይቱ ሲያልቅበት ሠራተኛውን ከባዶ ጀሪካን ጋር ላከ። እህቴ ሠራተኛውን አየችውና፣ “ራሱ ይምጣ” አለችው። በማግሥቱ ሠራተኛው ተመልሶ፣ ጌታዬ ሥራ በዝቶበት ነው አለ። “እኔም ሥራ በዝቶብኛል፤ ዘይት የምቀዳው አርብ አርብ ነው” አለችው።

ስለዚህ አርብ ራሱ መጣ። ወፍጮ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ሴቶቹን አልፎ፣ በሩን አልፎ፣ “እትዬ፣ ይቺን ቶሎ ሙይልኝና ልሂድ” አለ። እህቴ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ድምፅዋን አሰማች፤ “ተራ ያዝ!” ሴቶቹ በየተራቸው አዩት። ወደ ኋላ ተመለሰና ከመጨረሻዋ አስፈጪ ኋላ፣ ፀሐዩ ላይ፣ ባዶ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ቆመ። ከፊቱ ያለችው ሴት ስልቻዋን እያስጠጋች ዞር ብላ፣ “አያ፣ የርስዎ ሞተር ዛሬም ጮማ አማረው?” አለችው።

ዘይቱ ባለቀ ቁጥር ይመጣል። እኔም ከዚያ ወዲህ አርብ ገበያ የምሄድበትን ቀን ከእህቴ እየጠየቅሁ ነው የምመርጠው። ደርሼ በርጩማዬን ከጥላው አወጣና ሰልፉ በደንብ ከሚታይበት ቦታ አስቀምጣለሁ።